ሻይና ጂን በአንድ መለኪያ



በአገራችን አረቄ የሚቀዳባት ትንሽ ብርጭቆ ስሟ መለኪያ ነው። «አንድ መለኪያ ቅጂልኝ» ሲባል ብርጭቆዋም መጠኑም በአንድ ቃል ይጠራሉ። ጠላ በጣሳና በዋንጫ፣ ጠጅ በብርሌ፣ አረቄ በመለኪያ ይጠጣ ነበር። ለእያንዳንዱ መጠጥ እንደ ጉልበቱ የሚመጥነው ዕቃ ተመድቦለት ስለነበር ጠጪው ቆጠራውን ቢረሳ እንኳ ዕቃው ይቆጥርለታል። ወደ እስራኤል ስንመጣ ጌሾውን በሻንጣ፣ የአጠማመቁን ዘዴ በእናቶቻችን እጅ ይዘን መጣን፤ የመጠጥ ዕቃው ግን እዚያው ቀረ። እዚህ በየቤታችን ያለው ብርጭቆ አንድ ዓይነት ነው። ውኃም ይቀዳበታል፣ ሻይም ይቀዳበታል፣ አራክም ይቀዳበታል።

ይህን ያነሣነው በቤታችን ስለምናዘጋጀው አንድ መጠጥ ልናወጋችሁ ስላሰብን ነው። መጠጡ ሻይ ተዘፍዝፎበት የጠለለ ጂን ሲሆን በማር፣ በሎሚና በበረዶ ተመትቶ ይቀርባል። ወጣቶቹ ኮክቴል ይሉታል። «የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ሆናችሁ እንዴት የመጠጥ አሠራር ታስተምራላችሁ?» የሚለን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጥቂት ቢታገሠን መልሱን እዚሁ ያገኘዋል።

እኛ በሠላሳዎቹ ዕድሜ የምንገኝ ባልና ሚስት ነን። ሁለታችንም በልጅነታችን ከጎንደር መጥተን እዚሁ ቤር ሸቫ በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ተምረን ተመርቀናል። የምንኖረው ሽኩና ሄ ውስጥ፣ «ሩብ ኪሎ ሜትር» ተብሎ ከሚጠራው ረጅም ሕንፃ ብዙም ሳንርቅ ነው። ያ ሕንፃ ያለበት ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራ ለበረሃ ኑሮ አርአያ የሚሆን ሞዴል ሰፈር ይሁን ተብሎ ነበር፤ እኛ የምናውቀው ግን ዕቃ ተሸክመን ስንሄድበት እንደማያልቅ ነው።

መጠጡን ወደ ቤታችን ያመጣው የአክስታችን ልጅ ነው። ከጸባ ከተሰናበተ በኋላ በአሮጌው ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት ተቀጥሮ ለትምህርቱ ገንዘብ ያጠራቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ኦድሪ ሳውንደርስ የተባለች ባለሙያ፣ ኧርል ግሬይ የተባለውን በርጋሞት በርጋሞት የሚሸት ሻይ ጂን ውስጥ ነክራ፣ ሎሚና የእንቁላል ነጭ ጨምራ አዲስ መጠጥ ማውጣቷን የነገረን እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሻይን በጂን መዘፍዘፍ በብዙ አገር የተለመደ ሆኗል።

አንድ ሞጻኤ ሻባት ጠርሙሱን ይዞ ሲመጣ እናታችን ምን እንደሆነ ጠየቁ። «ጂን ነው» አላቸው። እሳቸው የሰሙት ጂኒ ብለው ነው። «ልጆቼ፣ ጂኒ በራሱ ፈቃድ ሲመጣ እንኳ ይባረራል፤ እናንተ ደግሞ በገንዘባችሁ ገዝታችሁ ታስገባላችሁ?» አሉ። ስሙ ዬኔቨር ከሚለው የሆላንዶች ቃል የመጣ መሆኑን፣ ትርጉሙም ጥድ እንደሆነ፣ መጠጡን ሽታ የሚሰጠውም የጥድ ፍሬ መሆኑን አስረዳናቸው። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና «እውነትም ጥድ ጥድ ይላል» ብለው መለሱልን። (የእኛ አገር ጥድና ጂን የሚሠራበት የአውሮፓው ጥድ ዘመዳሞች ቢሆኑም አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ ከዘመድ የተላከ የጥድ ፍሬ ያለው ሰው አልኮል ውስጥ እንዳይጨምረው አደራ እንላለን።)

የዚህ መጠጥ ታሪክ ለሙያችን ቅርብ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የለንደን ሕዝብ የለመደው ቢራ ነበር። ጂን ረክሶ በየጓዳውና በየመንገዱ ዳር መሸጥ ሲጀምር ከገጠር የመጣው ድሃ ሠራተኛ ቢራውን በለመደበት አጠጣጥ ጠጣው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1736 ከባድ የፈቃድ ክፍያ ቢጥልም ሽያጩ ወደ ስውር ገባ እንጂ አልቆመም፤ በ1751 ሌላ ሕግ ማውጣት አስፈለገ። በዚያው ዓመት ዊልያም ሆጋርት የተባለው ሠዓሊ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን አሳተመ። አንደኛው የቢራ ጎዳና ነው፤ ሰው ወፍሮ፣ ፊቱ ፈክቶ፣ ሥራውን ይሠራል። ሁለተኛው የጂን ጎዳና ነው፤ አንዲት የሰከረች እናት ሕፃኗ ከእጇ ተንሸራቶ ሲወድቅ አታይም። በኋላ ሻይ ረከሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1784 ከዋጋው በላይ የነበረው የሻይ ቀረጥ ወደ ከመቶ 12.5 ወረደ። በ1830ዎቹ ደግሞ መጠጥን የሚቃወሙ ማኅበራት ሕዝቡን የሚሰበስቡት በሻይ ግብዣ ነበር። እንግዲህ ሻይና ጂን የቆዩ ባላንጣዎች ናቸው ማለት ነው።

የጂን ጎዳናን ሥዕል በመጽሐፍ ስናየው ከለንደን ይልቅ አጎታችን ትዝ አሉን።

አጎታችን በጠላ ያደጉ የገጠር ሰው ነበሩ። በበዓል ቀን አምስት ስድስት ጣሳ ጠጥተው ከሽማግሌዎች ጋር ነገር ለመዳኘት ይቀመጡ ነበር፤ ፍርዳቸውም አይነቀፍም። እዚህ መጥተው በሌሊት ዘበኝነት ተቀጠሩ። ቀን ቀን እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ከኪዮስክ ርካሽ አራክ እየገዙ ብቻቸውን መጠጣት ጀመሩ። የሚቀዱት በውኃ ብርጭቆ ነበር። ሁለት ብርጭቆ ደግሞ ለእሳቸው ብዙ አልነበረም፤ በሁለት ጣሳ ጠላ የሰከረ ሰው አይተው አያውቁምና። በ61 ዓመታቸው በጉበት በሽታ ዐረፉ። በለቅሶው ላይ «ደግ ሰው ነበሩ፣ ትንሽ ይቀማምሱ ነበር እንጂ» ተባለ። ይህ «መቀማመስ» የሚባለው ቃላችን ብዙ ነገር ይሸፍናል። በሥራችን ላይ የማንንም ስም ሳንጠራ መናገር የምንችለው፣ ቃሉን በየሳምንቱ እንደምንሰማው ነው።

እስኪ ቁጥሩን እንመልከተው። የጠላ ጉልበት እንደ ጠማቂዋ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከመቶ 2 እስከ 4 አልኮል ነው። 3 ብለን ብንይዝ 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጣሳ ውስጥ ወደ 7 ግራም ንጹሕ አልኮል ይገኛል። አራክና ጂን ግን ከመቶ 40 ገደማ ናቸው። 200 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የውኃ ብርጭቆ በአራክ ሲሞላ 63 ግራም አልኮል ይይዛል። ይህም ዘጠኝ ጣሳ ጠላ ነው። አጎታችን ሁለት ብርጭቆ ብቻ ጠጣሁ ሲሉ አልዋሹም፤ ሆዳቸው የገባው ግን ዐሥራ ስምንት ጣሳ ነበር። በገጠር ደግሞ ጠላው ራሱ ደረጃ ነበረው። ከድፍድፉ መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራሙ ለእንግዳና ለትልቅ ሰው ይቀርባል፤ በአተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ ለልጅና ለእረኛ ይሰጣል። ጠርሙስ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ለአባወራውም፣ ከወታደርነት ለመጣው ልጅም፣ እንቅልፍ ላጣውም ሰው እኩል ከመቶ 40 ነው።

በዚህ ምክንያት ነው በቤታችን ጠርሙስ ገበታ ላይ የማይወጣው። ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ ጊዜ የሚጠይቅ፣ በመለኪያ የሚቀዳ መጠጥ ብቻ ይወጣል። አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ።

ጂኑ ተራና ርካሽ ይሁን። ብዙ ቅመምና አበባ የገባበት ውዱ ጂን በሻይ ተሸፍኖ ይባክናል። ሻዩ ቅጠሉ ጥቁር፣ ያልደቀቀና ሌላ ሽታ ያልተጨመረበት ቢሆን ይመረጣል። ዘመድ ከአገር ቤት ሲልክልን ከከፋ፣ ከቦንጋ አጠገብ የሚመጣውን የውሽውሽ ሻይ እንጠቀማለን። ሲያልቅ ከሱፐር የምንገዛው ዊሶትስኪ አለ፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1849 ሞስኮ ውስጥ ተቋቁሞ ኋላ እዚህ የደረሰ ስለሆነ እንደኛው ስደተኛ ነው።

የጠርሙሱን ግማሽ፣ ማለትም 350 ሚሊ ሊትር ያህል ጂን፣ ክዳን ባለው የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ይገለብጡታል። ሁለት የሻይ ማንኪያ ቅጠል ሻይ፣ ወደ 5 ግራም፣ ይጨምሩበታል። በከረጢት ያለውን ሻይ የሚጠቀም ሰው ሦስት ከረጢት ይበቃዋል። ትንሽ ስባሪ ቀረፋም አብሮ ይገባል። እሳት አያስፈልግም። እንዲያውም ጂን ምድጃ ላይ መጣድ አደጋ ነው፤ ትነቱ በእሳት ይያያዛል። ውኃ ከሻይ ቅጠል በሙቀት የሚያወጣውን አልኮል በቀዝቃዛው ያወጣዋል።

ልብ ማለት የሚያስፈልገው ሰዓቱን ነው። ሻይ አፍ የሚያስረው ታኒን በሚባል ነገር ነው፤ አልኮል ደግሞ ታኒንን እንደ ቀለሙና እንደ ሽታው ሁሉ ከቅጠሉ ይስበዋል። ግማሽ ሰዓት ላይ ጂኑ ወርቅማ ይሆናል። አንድ ሰዓት ላይ መቅላት ይጀምራል፣ የሻይ ሽታውም ይመጣል። ከሁለት ሰዓት በኋላ መራራው ያሸንፋል። ቢያድርማ ማርም አያድነው። በነሐሴ፣ ቤቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ፣ ነገሩ ሁሉ ይፈጥናልና አንድ ሰዓት ሲሆነው መቅመስ ነው። በሻይ ማንኪያ ጫፍ፣ በየሩብ ሰዓቱ። ቅርንፉድ የሚወድ ሰው ሁለት ፍሬ ብቻ፣ ያውም ለመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት ይጨምር፤ ቅርንፉድ አንዴ ከገባ ሌላውን ሁሉ ዝም ያሰኘዋል።

ከዚያ በወንፊት፣ ቀጥሎም በቡና ማጥለያ ወረቀት ይጠለላል። ቅጠሉ አይጨመቅም፤ መራራው ያለው እዚያው ነው። ማጥለል ሥራ ስለሆነ ሻባትን የምናከብር ሁሉ ዓርብ ከፀሐይ መግባት በፊት ብንጨርሰው፣ ወይም ሻባት እስኪወጣ ብንቆይ ነው። የጠለለው ጂን በጠርሙስ ተከድኖ ላዩ ላይ ቀኑና «አልኮል» የሚለው ቃል በአማርኛም በዕብራይስጥም ይጻፍበታል። መልኩ ፍጹም ሻይ ስለሚመስል ይህ ቀልድ አይደለም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀዘቀዘ ሻይ መስሎት ልጅ ሊቀዳው ይችላል። እኛ ልጅ ከማይደርስበት የላይኛው መደርደሪያ እናስቀምጠዋለን።

ወደ ማሩ ስንመጣ፣ የውጭዎቹ መጻሕፍት «የማር ሽሮፕ» የሚሉት ለእኛ አዲስ አይደለም። ብርዝ ነው፤ ብቻ ወፈር ያለ ብርዝ። አንድ እጅ ማር በአንድ እጅ ሙቅ ውኃ ተበጥብጦ ይቀዘቅዛል። ማር እንዲያው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ቢጨመር ተጓጉሎ ከሥር ይቀራልና።

አሁን መለኪያዋ ትመጣለች። የእኛዋን ለልጆች አካሞል በምንሰጥበት መርፌ አልባ ስሪንጅ ለክተናት 40 ሚሊ ሊትር እንደምትይዝ አረጋግጠናል። አንድ መለኪያ የሻይ ጂን፣ ግማሽ መለኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ መለኪያ ብርዝ፣ ከብዙ በረዶ ጋር በባዶ የሪባ ብልቃጥ ውስጥ ተከድኖ እስከ ዐሥራ አምስት እስኪቆጠር ድረስ በኃይል ይናጣል። ከዚያ በረዶ ወዳለበት ብርጭቆ ተጠልሎ ሶዳ ይሞላበታል። የኒው ዮርኳ ባለሙያ የእንቁላል ነጭ የምትጨምረው ታኒኑ ከፕሮቲኑ ጋር ስለሚያያዝና መጠጡ ስለሚለሰልስ ነው፤ ወተት ሻይን የሚያለዝበውም በዚሁ መንገድ ነው። እኛ ግን እናታችን ፊት ጥሬ እንቁላል አናቀርብም።

ላዩ ላይ ከመርፔሴታችን ጣሳ የተቀጠፈ ጤና አዳም ጣል እናደርጋለን። ቡና ላይ የለመድነው ሽታ ከሎሚና ከጥድ ጋር እንዲህ ይስማማል ብለን አልጠበቅንም ነበር። ጤና አዳም የሌለው ሰው ማርቫ ይጠቀም፤ የኔጌቭ ቤዱዊኖች ሻያቸው ውስጥ የሚጨምሩት ቅጠል ነው፣ በገበያችንም ሞልቷል። ነፍሰ ጡር የሆነች እኅታችን ግን አልኮሉንም ጤና አዳሙንም ትተው፤ ጤና አዳም ማሕፀን እንደሚያነሣሣ እናቶቻችንም ያውቁት ነበር።

በዚህ አሠራር አንዱ ብርጭቆ 13 ግራም ያህል አልኮል አለው፤ ወደ ሁለት ጣሳ ጠላ የሚጠጋ ማለት ነው። ሲጠጡት ግን ሎሚና ማር ስለሚሸፍነው ጉልበቱ አይታወቅም። ብርጭቆው ደጅ የሚያስወጣ ያህል ስለማይከብድ ደግሞ ሁለተኛው በቀላሉ ይከተላል። ስለዚህ ለአንድ ምሽት የምናጠለው ለተቀመጠው ሰው ቁጥር ልክ ነው። ስምንት ሰው ካለ ስምንት መለኪያ፤ 320 ሚሊ ሊትር። ከዚያ ወዲያ ያለ ቡና ይፈላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እንወዳለን። እንግዳን «በሞቴ» እያሉ ማጉረስ መልካም ባህላችን ነው። እንጀራ ማንንም አልገደለም። ነገር ግን «በሞቴ» የሚለውን ቃል ከጠላ ቤት አንሥተን ወደ ጂንና ወደ ቮድካ ማምጣት አይገባንም። መጠጥ ያቆመ ሰው፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ወይም ዝም ብሎ የማይፈልግ ሰው አንድ ጊዜ «አይ፣ ይቅርብኝ» ካለ ሁለተኛ መጠየቅ፣ ምክንያቱንም በሰው ፊት ማስቆጠር የለበትም። ከመጠጥ ጋር ሲታገሉ ከነበሩ ወገኖቻችን ደጋግመን የሰማነው፣ ከኪዮስኩ ይልቅ የዘመድ ግብዣ እንደሚከብዳቸው ነው።

ወጣቶቹንም በተመለከተ፣ «በቤት ውስጥ ካዩት ይለምዱታል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸውን እናከብራለን፤ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅም አንቀዳም። ነገር ግን ልጆቻችን መጠጥን የሚያዩት ቤት ውስጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ ሱቆች ከ23:00 እስከ 06:00 አልኮል እንዳይሸጡ ሲከለክል፣ ቀደም ብለው ገዝተው በሽኩናው መናፈሻ ቮድካን ከኃይል ሰጪ መጠጥ ጋር ደባልቀው የሚጠጡ ልጆችን በሥራችን አግኝተናል። በላስቲክ ኩባያ፣ በችኮላ፣ ትልቅ ሰው በሌለበት። የአክስታችን ልጅ ጓደኞች አሁን በሞጻኤ ሻባት ወደ እኛ ቤት ሲመጡ እናታችን መካከላቸው ይቀመጣሉ፤ በሳቸው ፊት ደግሞ ማንም ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ አይጨርስም።

መኪና ይዞ የመጣ ሰው አይጠጣም። ሕጉ ለተራ ሾፌር በአንድ ሊትር ትንፋሽ እስከ 240 ማይክሮ ግራም ይፈቅዳል፤ ለአዲስ ሾፌርና ከ24 ዓመት በታች ለሆነ ግን 50 ብቻ ነው። አንዷ ብርጭቆ ወጣቱን ከዚያ ልታሳልፈው ትችላለች።

ለፋሲካ ከእህል የተሠራ ጂን ሐሜጽ ስለሆነ የተረፈው አስቀድሞ ያልቃል ወይም ከቤት ይወጣል፤ ከወይን ወይም ከሌላ ነገር የተሠራ ጂን ያለው ሰው የጠርሙሱን ማኅተም ያንብብ።

ለማይጠጡት የምናዘጋጀው ከሁሉ ቀድሞ ነው። ያው ቅጠል ሻይ፣ ያው ቀረፋ፣ በጂን ፈንታ በቀዝቃዛ ውኃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል፤ በውኃ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ አያስርም። ብርዙና ሎሚው በዚያው ልክ ይገባል፤ በዚያው ብልቃጥ ይናጣል። ጤና አዳሙም ከላይ ይቀመጣል። ብርጭቆው አንድ ዓይነት ይሁን፤ ቀለሙም አንድ ስለሆነ ማን ምን እንደያዘ የሚያውቀው የቀዳው ሰው ብቻ ነው።